አባቴ የተማረበት የድንጋይ ቤት፦ አራት ቀን በደብረ ብርሃንና በአንኮበር

አባቴ ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ረጅም መንገድ አይሄድም። ኅዳር በገባ ቁጥር ግን ደብረ ብርሃን ትናፍቀዋለች። «ውርጩ ዘንድሮ ባቄላውን መትቶት ይሆን?» ይላል። ከዚያ ወሬው ወደ ትምህርት ቤቱ ይዞራል። በ1948 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገባበት የድንጋይ ቤት ነው። ይህን ወሬ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ቤቱን ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።

በ2011 ዓ.ም. ኅዳር «እኔ ሄጄ አይቼልህ ልምጣ» አልኩት። ወረቀት አምጥቶ ሦስት ነገር ጻፈልኝ። የበሩ ቅስት። የመጀመሪያው ክፍል ሦስተኛ መስኮት። የበረንዳው ደረጃ። «እነዚህን ፎቶ አንሥተሽ አምጪልኝ፤ ሌላው ይቅር» አለኝ። ከመሥሪያ ቤቴ የሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ ተነሣሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ከላምበረት እስከ ደብረ ብርሃን

ላምበረት መናኸሪያ የደረስኩት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የሚኒባሱ ሂሳብ 75 ብር። ረዳቱ ለሻንጣዬ 20 ብር ጨምሪ አለኝ። ሻንጣዋ ጭኔ ላይ የምትቀመጥ ናት። አጠገቤ የነበሩት እናት «ተዋት፣ ልጅቷን አታንገላታት!» ብለው ተቆጡልኝ፤ ተወኝ። መኪናው እስኪሞላ አርባ ደቂቃ ጠበቅን።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሰንዳፋን አልፈን ሜዳው ሲከፈት ገብሱ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል። ሸኖ ላይ ለቁርስ ወረድን። የሸኖ ለጋ ቅቤ ስሙ የታወቀ ነው። ግማሽ ኪሎ በ130 ብር ገዛሁ። ለአክስቴ ባዶ እጄን መግባት አልፈለግኩም። ሻይ 5 ብር፤ ከአንድ ትኩስ ዳቦ ጋር በ10 ብር ጠግቤ ተነሣሁ።

ከሸኖ በኋላ መስኮቱን ስዘጋ ነበር የቆየሁት፤ ብርዱ ይቆርጣል። ጫጫ ስንደርስ ግን ከፈትኩት። ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኛው ኃይለ ማርያም ማሞ ወደ አዲስ አበባ ይገሰግስ የነበረውን የጣሊያን ጦር አድፍጦ የመታው እዚህ ነው። በማግስቱ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ኃይለ ማርያም ግን አልቆመም፤ በ1930 ዓ.ም. እስኪሰዋ ድረስ ተዋጋ። ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ በስሙ የሚጠራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። አባቴ ስለ ትምህርት ቤት ሲያወራ ሁሌም ከጫጫ ይጀምር ነበር። ምክንያቱ ያን ቀን ገባኝ። በአምስቱ ዓመት ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከደረሰው በኋላ ደግሞ ፊደል የቆጠረ ወጣት እየተለቀመ ተገድሏል። ነጻነት ሲመለስ በየጠቅላይ ግዛቱ የትምህርት ቤት ግንብ ለማቆም የተሯሯጡት ሰዎች ይህን ሁሉ ያዩ ናቸው።

በስተግራም በስተቀኝም ካብ ነው። የሰሜን ሸዋ ደጋ ድንጋይ አያጣም። ማሳው ድንጋይ፣ አጥሩ ድንጋይ፣ ቤቱ ድንጋይ። አዲስ አበባ ለአጥር ቆርቆሮና ብሎኬት እንገዛለን፤ እዚህ ገበሬው ከማሳው የለቀመውን ይክበዋል።

አምስት ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን ገባሁ። አክስቴ (የአባቴ የአጎት ልጅ ናቸው) በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «የኔ ልጅ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ?» አሉኝ። የበግ ወጥ በገብስ እንጀራ ቀረበ። «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» እያሉ ሦስት ጊዜ አጎረሱኝ። ማታ ሁለት ብርድ ልብስ ደርበው በላዩ ላይ ባና ጣሉልኝ። ባና የመንዝ በግ ጸጉር ተፈትሎ የሚሠራ ነው፤ ከባድና ሻካራ፣ ግን ብርድ አያሳልፍም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ሌሊት ባናው ሲንሸራተት ነቃሁና ይህን ቁጥር በሰውነቴ አወቅኩት።

ዓርብ፣ ኅዳር 7፦ ትምህርት ቤቱ

ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ በሳፋው ላይ እንደ መስታወት የሳሳ በረዶ ነበር። አክስቴ በእጃቸው ሰበሩትና የሞቀ ውኃ ጨመሩልኝ።

በባጃጅ 5 ብር ከፍዬ ሄድኩ። በር ላይ ዘበኛው አስቆሙኝ። ደብዳቤ ጠየቁኝ። የለኝም። «ያለ ደብዳቤ ፎቶ አይነሣም፣ ልጄ» አሉ። የአባቴን ወረቀት አሳየኋቸው። አነበቡት። ሁለተኛ አነበቡት። «ሦስተኛው መስኮት ነው የሚለው?» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከምክትል ርዕሰ መምህሯ ጋር ተመለሱ። እሷም ወረቀቱን አየች። «ክፍል ውስጥ ልጆች አሉ፤ እስከ ዕረፍት ሰዓት ይታገሱ እንጂ ይግቡ» አለችኝ።

ግቢው ውስጥ አዳዲስ የብሎኬት ክፍሎች አሉ። ድንጋዩ ቤት ግን ከሩቅ ይለያል። ረጅም ነው፣ ፎቅ የለውም፣ አራት ክፍል በመደዳ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ። ከፊት ለፊት ሙሉውን በረንዳ ይዞታል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ዝጎ ቡና መስሏል።

አባቴ «ትልቅ ቤት» ይለው ነበር። ትልቅ አይደለም። ግን እንዲህ ያለ ቤት ላላየ የገበሬ ልጅ ምን እንደሚመስል ለማሰብ ሞከርኩ። ከዚያ በፊት ትምህርት ማለት የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው። የኔታ ዛፍ ሥር ወይም ጎጆ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ተማሪው መሬት ላይ ተቀምጦ ሀሁ ይላል፣ አቡጊዳ ይላል፣ ዳዊት ይደግማል። አባቴም ዳዊት ከደገመ በኋላ ነው እዚህ የመጣው። ጎጆ ክብ ነው። ይህ ባለ ማዕዘን ነው፤ ወንበር አለው፣ ጥቁር ሰሌዳ አለው፣ ሁሉም ወደ አንድ ግድግዳ ዞሮ ይቀመጣል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ዓይነት ትምህርት በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ነው የጀመረው። በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኮንን ተከተለ። ወደ ገጠሩ በሰፊው የዘለቀው ከ1933 በኋላ ነው። እና እዚህ ያሉት ግንበኞች ክብ ቤት እየሠሩ ያደጉ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ይህን ያሉኝ ዘበኛው ናቸው። አባባ (እንዲህ ነው ስጠራቸው የዋልኩት) በወጣትነታቸው ግንበኛ ነበሩ። ወገባቸው ሲደክም ዘብ ሆኑ። ከእሳቸው የተሻለ አስጎብኚ የትም አላገኝም ነበር።

ግድግዳው ጋ ወሰዱኝ። «ስንዝሪው» አሉኝ። በመስኮቱ በኩል ስሰነዝረው ሦስት ስንዝር ሆነ። ግድግዳው ሁለት ፊት አለው። ውጩ በመሮ የተጠረበ ጥቁር ድንጋይ ነው። ውስጡ ያልተጠረበ። መካከሉ በትናንሽ ድንጋይና ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ተሞልቷል። በየተወሰነው ቦታ አንድ ረጅም ድንጋይ ከውጭ እስከ ውስጥ ይዘልቃል፤ ሁለቱን ፊት የሚያስረው እሱ ነው። «ይሄ ባይኖር ግድግዳው ሆዱ ይነፋና ይፈነዳል» አሉኝ።

«ድንጋይ በተኛበት ነው የሚተኛ» የምትል ንግግር ነበረቻቸው። ድንጋዩ ከተቆፈረበት ቦታ ተኝቶ ከነበረ ግድግዳ ላይም እንደዚያው ተኝቶ ይቀመጣል። አቁመው ከከመሩት ውኃ በንብርብሩ ገብቶ ይልጠዋል። በጣታቸው አንድ ድንጋይ አሳዩኝ። ፊቱ እንደ ሽንኩርት ተልጧል። «ይሄን ያቆመ ሰው ቸኩሎ ነበር» አሉ። ከስልሳ ዓመት በላይ ያለፈው ስህተት እስካሁን ይታወቃል።

ቅስቱ በዋናው በር ላይ ነው። ሰባት ድንጋይ ነው ያለው። እያንዳንዱ ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ ብሎ ተጠርቧል። መካከለኛዋ መጨረሻ ላይ ትገባለች። እሷ ስትገባ ሌሎቹ ይያያዛሉ፤ የእንጨት ድጋፉ ይነሣል። ሌሎቹ በሮችና መስኮቶች ላይ ቅስት የለም፤ በላያቸው የወይራ እንጨት ነው የተጋደመው። «ለዋናው በር ነው የደከሙት፤ ለክብር ነው» አሉ አባባ። በጣም ቆንጆ ነው። አዲስ አበባ እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት በሩ የላሜራ ነበር። ማንም ለክብራችን ብሎ ምንም አልጠረበልንም። ይህን ሳስብ ትንሽ ቅር አለኝ።

የበረንዳው ምሰሶዎች ጥድ ናቸው። አንዳቸውም መሬት አይነኩም። እያንዳንዱ በተጠረበ ድንጋይ ላይ ነው የቆመው፤ እርጥበት እንዳይበላው። ክፍክፉ፣ ማለትም የጣሪያው ጫፍ፣ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ይወጣል። ይህን ቤት እስካሁን ያቆመው ይሄ ክፍክፍ ነው። ጭቃ ያለበት ግድግዳ ውኃ ካልነካው ዘመን ይሻገራል። አሸንዳው በተቀደደበት በሰሜን ጥግ ግን ድንጋዮቹ አረንጓዴ ሆነዋል፤ መሠረቱም ትንሽ ሰምጧል። የሚያስፈልገው አንድ ቁራጭ አሸንዳ ነው። አንድ ቁራጭ!

ከዚያ የሚያሳዝነውን አሳዩኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት «ዕድሳት» ተብሎ የፊቱ ግድግዳ ታችኛው ክፍል በሲሚንቶ ተለስኗል። ለዓይን ንጹሕ ነው። ግን ሲሚንቶ አያስተነፍስም። በጭቃው ውስጥ ያለው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ልስኑ አሁን ድንጋዩን ይዞ እየተገነጠለ ነው። ድሮ የነበረው ኖራ ነበር። ኖራ እርጥበቱን ያሳልፋል፤ በየጥቂት ዓመቱ ይቀባል፤ ርካሽም ነው።

የባሰውም አለ። የክፍሎቹ ወለል ሳንቃ ነው፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የተነጠፈ። መሠረቱ ላይ በየሁለት እርምጃው እንደ መጽሐፍ የምታክል ቀዳዳ አለች። ነፋስ በሳንቃው ሥር እንዲያልፍ የተተወች መተንፈሻ ነች። አዳሾቹ «አይጥ ይገባበታል» ብለው በሲሚንቶ ደፍነዋቸው ነበር። በሁለት ክረምት ውስጥ የአራተኛው ክፍል ወለል በሰበሰ። ያ ክፍል ዛሬ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ነው። አባባ ግን አላስቻላቸውም። ሌሊት በተረኝነታቸው በመሮ እየፈለፈሉ የሦስቱን ክፍል ቀዳዳዎች ከፍተዋል፤ ለአይጧም የወንፊት ሽቦ አድርገዋል። ማንም አላዘዛቸውም። ማንም አልከፈላቸውም። እጃቸውን ይዤ አመሰገንኳቸው። «ቤቱ ታፍኖ ነበር፣ ልጄ» ነው ያሉኝ።

ዕረፍት ተደወለ። ልጆቹ ወጡ፤ እኛ ገባን። የመጀመሪያው ክፍል አሁንም አንደኛ ክፍል ነው! የጠዋት ፀሐይ ሳንቃው ላይ ተኝታለች። ክፍሉ ይሞቃል። ቀደም ብዬ ያየሁት የብሎኬት ክፍል ውስጥ ልጆቹ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫ ተከናንበው ነበር። ወፍራም ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም፤ በዚህ አገር ብርድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቆርቆሮው ላይ ግን አባቴ ልክ ነበር። በረዶ ሲጥል የመምህሩ ድምፅ ስለማይሰማ ትምህርት ይቆም ነበር ይለኛል። «አሁንም ይቆማል» አለችኝ ምክትሏ፤ የኮርኒሱ ግማሽ ወድቋል።

ሦስተኛው መስኮት። ደፉ ከሌሎቹ ለየት ያለ ቢጫማ ድንጋይ ነው፣ ለስላሳ። በላዩ ላይ ጣት የሚያስገቡ ስድስት ሰባት ጎድጓዳ መስመሮች አሉ። ምን እንደሆኑ ስጠይቅ አንዲት ትንሽ ልጅ ከኋላዬ መጣች። እርሳሷን አወጣችና መስመሩ ውስጥ ወዲህ ወዲያ እያደረገች አሾለችው። ተመለሰችና ቁጭ አለች። ፎቶ ማንሣቱንም ረሳሁት፤ በኋላ ነው ያነሣሁት።

ደረጃው ሦስት ድንጋይ ነው። መካከላቸው ከእግር ብዛት እንደ ሰፌድ ጎድጉዷል።

ምሳ በር ላይ ካለች ትንሽ ቤት ሽሮ በላሁ፤ ዓርብ ስለሆነ ጾም ነው። 35 ብር። አባባን ጋበዝኳቸው። ሂሳቡን ቀድመው ከፍለው አገኘኋቸው። ስንለያይ «አንኮበር የምትሄጂ ከሆነ የግንቡን ኖራ ልብ ብለሽ እዪው» አሉኝ። አንኮበር በዕቅዴ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን መቅረት አልሆነልኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8፦ አንኮበር

ቅዳሜ የደብረ ብርሃን ገበያ ነው። መናኸሪያ ለመድረስ በበግ መካከል ነው ያለፍኩት። የጎረቤላ ሚኒባስ 45 ብር። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሦስት ሰዓት ፈጀብን፤ ግማሽ መንገድ ላይ ጎማ ተነፈሰ። ስኮርታ አለ፤ ክሪክ የለም። ሹፌሩ መንገድ ላይ ቆሞ የሚያልፈውን ሁሉ ለመነ። አንድ አይሱዙ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ቆመለት። ጭላዳዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ሣር ይነጫሉ። ብርዱን ረስተን እነሱን እያየን ቆየን። አንዲት ተሳፋሪ የገብስ ቆሎ ለሁላችንም አዞረች።

ጎረቤላ የዛሬዋ ከተማ ነች። የነገሥታቱ አንኮበር ከዚያ አልፎ ባለው ኮረብታ ላይ ነው። በእግሬ ወጣሁ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የነገሡበት ነው። ከእንግሊዝ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የፈረሙት በእሳቸው ዘመን፣ በኅዳር 1834 ዓ.ም. ነው። የልጅ ልጃቸው ምኒልክም ወደ አዲስ አበባ ከመሻገራቸው በፊት ከዚህ ገዝተዋል። ዛሬ ኮረብታው ላይ በድሮው ቤተ መንግሥት አምሳል የተሠራ ሎጅ አለ። ቡናው 20 ብር ነበር፤ ጎረቤላ በ5 ብር ነው የጠጣሁት። ነገር ግን የተቀመጥሽበት ወንበር ፊት ለፊት የአፋር ቆላ ጭጋግ ውስጥ ተዘርግቶ ይታያል። ለዚያ 20 ብር አልበዛብኝም።

ከጥንቱ ቤተ መንግሥት የተረፈው የግንብ ቁራጭ ነው። አባባ እንዳሉኝ ተጠግቼ አየሁት። ድንጋዮቹን የያዛቸው ነጭ ነገር በጥፍሬ አልተፋቀልኝም። ስንት ክረምት፣ ስንት ጉም አልፎበታል። ጣሪያ የለውም፣ ክፍክፍ የለውም፣ ቆሟል። ትምህርት ቤቱን ያደሱት ሰዎች እዚህ ድረስ መጥተው ቢሆን ኖሮ ሲሚንቶውን አይገዙም ነበር ብዬ አሰብኩ። ሩቅ አይደለም፤ 40 ኪሎ ሜትር ነው።

ስመለስ ጨልሞ ነበር። አክስቴ ከአረቄ ጋር ጥብስ ይዘው ጠበቁኝ። አረቄውን ቀመስኩት፤ አቃጠለኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 9፦ ሥላሴና መልስ

ጠዋት ከአክስቴ ጋር ሥላሴ ሄድን። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከዚህ ነው፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ወርዶ ታየ በተባለበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ከተሙባት። የዛሬው ሕንፃ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተሠራ ነው። አባቴ ዳዊት የደገመው በዚሁ አካባቢ ነው። ቅጽሩ ውስጥ ሁለት የቆሎ ተማሪዎች ፀሐይ ይሞቃሉ፤ አንደኛው በቃሉ እየደገመ ነው። ከሥላሴ እስከ ድንጋዩ ቤት በእግሬ ሄድኩ። አባቴ በየቀኑ የሄደበትን መንገድ ለማየት ነው። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነበር። በአጥሩ ካብ ላይ ተንጠራርቼ ለመጨረሻ ጊዜ አየሁትና ሳላስበው ካቡንም ፎቶ አነሣሁት።

ከቀትር በኋላ ተነሥተን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ላምበረት ገባሁ። መንገዱ ላይ ምንም አልገጠመንም።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ ጠበቀኝ። ቅስቱን አየ። «ሰባት» አለ፤ ሳይቆጥር። መስኮቱን ሲያይ ዝም አለ፣ ከዚያ በጣቱ ስክሪኑ ላይ መስመሮቹን ወዲህ ወዲያ አደረገ። ደረጃውን አለፈው። የካቡ ፎቶ ላይ ሲደርስ ግን ስልኬን ከእጄ ወሰደ። ይህን አልጻፈልኝም ነበር።

«ይሄን ካብ ማን እንደሠራው ታውቂያለሽ?» አለኝ። አላውቅም። ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ አንድ ድንጋይ ይዞ ይምጣ ተብለው ነበር። ትንንሾቹ ትንሽ፣ ትልልቆቹ ትልቅ። እሱ ከሥላሴ በኩል ነበር የሚያመጣው። ፎቶውን አጎላው። «ድንጋዮቹ ለምን እኩል እንዳልሆኑ አየሽ?» አለና ከታችኛው ረድፍ ጀምሮ አንድ በአንድ ማየት ጀመረ።